ሽርጥ ታጥቆ ወደ ካያክ

ከሞቀ መርከብ ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ሁለት ወር ሙሉ ሲዘጋጅ የከረመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። በመሠረቱ ለወሬ የምበቃ ሰው አይደለሁም። የምኖረው ቬስትሊ፣ የሜትሮው መስመር ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት ሰፈር ነው። የምነዳው የከተማ አውቶቡስ ነው። ደሴ ተወልጄ ኦስሎ ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከመስመሬ ወጥቼ አላውቅም፤ መንገዱ በረዶ ሆኖ እሱ ራሱ ካላስወጣኝ በቀር። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔም እያልኩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነው። ልጄ ሰሚራ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ፊዚዮቴራፒስት ሆና፣ በበጋው ማብቂያ ትሮንድሄይም የሚባል ሩቅ ከተማ ሄዳ ሥራ ልትጀምር ተቀጥራለች። ቤታችን ውስጥ ይህ ጉዳይ አይነሳም። እናቷ ዘይነባ ትሮንድሄይም የሚል ስም ከሰማች ተነስታ ሳህን ማጠብ ትጀምራለች፤ የታጠበም ቢሆን።

«አባዬ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ፈረቃህን አስቀይር» አለችኝ ሰሚራ።

«ምን ተገኘ?»

«እኔና አንተ ቱር እንሄዳለን። ካያክ። አምስት ቀን።»

ቱር የሚሉትን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ቱር ማለት ያለ ምንም ጉዳይ መሄድ ነው። እኛ አገር ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ገበያ ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖርበት ነው። እዚህ ደግሞ ሰው ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ተራራ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይበላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ምን አመጣህ ብትሉት «ቆንጆ ነበር» ይላችኋል።

ሰሚራ ስልኳን አውጥታ ሥዕሎች አሳየችኝ። ካያክ የምትባለው ጀልባ ቀጭን ናት፤ ሰው እግሩን ዘርግቶ ከወገቡ በታች ይገባባታል፣ ከወገቡ በላይ ለነፋስ ይቀራል። ቀን ቀን በሷ በደሴቶቹ መሀል ሲቀዝፉ ውሎ፣ ማታ ማታ ወደ አንድ ትልቅ መርከብ ይሰበሰባሉ። ያንን መርከብ «ሙደርሺፕ» ይሉታል፤ እናት መርከብ ማለት ነው። ጫጩቶች ዶሮዋ ሥር እንደሚገቡት መሆኑ ነው። መርከቡ ላይ አልጋ አለ፣ ሙቅ ሻወር አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ በመስታወት ተከልሎ ባሕሩን የሚያዩበት ሳሎን አለ።

«ታዲያ ለምን እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ አንልም?» አልኩ።

«አባዬ!» አለች። ቀጥላም ጉዴን ያመጣውን ነገር ተናገረች። «ደግሞ ላንተ ምን ይከብድሃል? ሐይቅን በዋና የተሻገርክ ሰው!»

ዘይነባ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። ያችን አስተያየት ያገባ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

እንግዲህ እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፤ ለሷ ከመንገር ይቀላል። እኔ ዋና አልችልም። ደሴ ውሃ የለም አልልም፣ ቦርከና አለ፤ ግን በበጋ ቦርከናን ዶሮም ሳትርስ ትሻገረዋለች። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን፣ ስሙም ሐይቅ የሚባለውን ሐይቅ ያየሁት በልጅነቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። አክስቴ ለዒድ የገዛቻትን ፍየል በገመድ እየጎተትኩ በዳር ዳር ስሄድ ውሻ ጮኸባት። ፍየሏ ገመዱን አስለቅቃኝ ውሃው ውስጥ ገባች፣ አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ በጠባቡ በኩል ቀዘፈች፣ በዚያኛው ማዶ ወጥታ ጆሮዋን አራገፈች። እኔ ዳር ቆሜ እጮህ ነበር። በጣም ነው የጮህኩት፤ መንደሩ በሙሉ ሰው ሰመጠ ብሎ ተሰብስቧል።

ሰሚራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት ወደ መዋኛ ወሰዷቸው። እሷ ውሃው ውስጥ አልዘልም ብላ አልቅሳ መጣች። በነጋታው ልጆቹ ሁሉ ሊስቁባት ነው። ምን ላድርግ? አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እኔ አባትሽ ባንቺ ዕድሜ ሐይቅን በዋና ተሻግሬያለሁ፤ ያንቺ ደም የኔ ደም ነው» አልኳት። በማግስቱ ዘለለች። ከዚያ ወዲያ ከውሃ ማውጣቱ ነው ያስቸገረን።

ውሸቱ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ አላህም ይቅር ይለኝ ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በየዓመቱ «እስቲ የሐይቁን ንገረኝ» ትላለች፣ በየዓመቱ ሐይቁ ይሰፋል። በሦስተኛው ዓመት ነፋስ ጨመርኩበት። በአምስተኛው ዓመት፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ፍየሏን ጀርባዬ ላይ ጫንኳት።

አሁን ሳቁ፤ ግድ የለም። ነገሩ ግን ለኔ ቀልድ አልነበረም። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ ሰሚራ ናት። ስልኬ ሲበላሽ የምታስተካክለው እሷ፣ ሐኪም ፊት የምታስረዳልኝ እሷ፣ ኖርዌጅኛዬን በሰው ፊት ሳይሆን መኪና ውስጥ ለብቻችን ስንሆን የምታርመኝ እሷ ናት። ልጄ የማትበልጠኝ ነገር ቢኖር ያ ሐይቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። አሁን ደግሞ ልትሄድብኝ ነው። ሐይቄን ይዛ እንድትሄድ ነበር የፈለግኩት፤ አድርቃው አይደለም።

ስለዚህ አፌን ሞልቼ «ያ! እንሄዳለን እንጂ!» አልኳት። «ያ» እዚህ አገር አዎ ማለት ነው፤ እኔን የፈጀችኝ ይቺ ቃል ናት።

በሳምንቱ የሚያዘው ዕቃ ዝርዝር መጣ። ሱፍ የውስጥ ሱሪ፣ ሱፍ ካናቴራ፣ ሱፍ ካልሲ፣ ትርፍ ሱፍ ካልሲ፣ ሱፍ ቆብ። ዘይነባ ዝርዝሩን አንብባ «ሰው ነው የሚፈልጉት ወይስ በግ?» አለች። ከሁሉ በላይ በደማቁ የተጻፈው የመጨረሻው ነበር። «እያንዳንዱ ሰው አንድ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ብቻ።» ከሥሩ ደግሞ «ከጉዞው ሳምንት በፊት ኦስሎ ውስጥ መዋኛ እንገናኛለን፤ ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ መገልበጥ እንለማመዳለን» ይላል። መገልበጥ! ሰው ላለመገልበጥ ይለማመዳል እንጂ መገልበጥን ይለማመዳል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የማማክረው ሰው ስፈልግ ጀማል ትዝ አለኝ። ጀማል የወረባቦ ልጅ ነው፤ ሄልስፊር ካሉት ቢሮዎች አንዱን ያጸዳል፣ እኔ ሄልስፊር ተርሚናል ላይ እረፍት ሳደርግ እየመጣ ሻይ እንጠጣለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሊቢያ በጀልባ ባሕር አቋርጦ ነው የመጣው። የባሕር ነገር ከሱ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቆይ። ትልቅ መርከብ አለ?»

«አለ።»

«ሞተሩ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ካፒቴኑ ጥሏችሁ አይጠፋም?»

«ምን በወጣው! ወጥ ቤትም አለው።»

«እና አንተ በፈቃድህ ከሱ ወርደህ ፕላስቲክ ውስጥ ትገባለህ?»

«ያ።»

«አጃኢብ!» አለ። ብርጭቆውን በጣቱ አዙሮ «ወላሂ ጋሼ፣ እኛ ከፕላስቲኩ ወደ መርከቡ ለመውጣት ነበር ያለቀስነው» አለ። ሁለታችንም ሻያችንን አየን። ትከሻውን ያዝኩት። ወዲያው ግን እሱ ራሱ መሳቅ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት።

«በል አሁን ዋና አስተምረኝ» አልኩት።

«ናይ ጋሼ!» አለኝ፤ «ናይ» የ«ያ» ተቃራኒ ናት፣ አይ ማለት። «ዋና ባውቅ ጀልባ ምን አስፈለገኝ?»

ቢሆንም ጀማል ሰው ቸገረኝ ሲለው ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ስልኩ ላይ የዋና ትምህርት ፈልጎ አገኘ። እረፍት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር አጋጥሞ በሆዴ አስተኛኝና «ክንድ! እግር! ትንፋሽ!» እያለ ያለማምደኝ ጀመር። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ አንድ ኖርዌጂያን ሹፌር ቡናውን ሊቀዳ ገባ። እኔን አየ፣ ጀማልን አየ።

«ወገብህን ነው?» አለኝ በሐዘኔታ።

«ያ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ቦታ ወገቡን ያመመው ሰው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ወንበር ይለቁልኛል።

ጀማል ክፋት የለውም፣ ምስጢር ግን አይረጋለትም። በዚያው ሳምንት ግሮንላንድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ በርበሬ ሊገዛ ጎራ ብሎ «ጋሼ በጀልባ ሊሄድ ነው» ብሏል። ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ሁሉ አባት ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ የገባ ወሬ እንደ ጤፋቸው በኪሎ ይከፋፈላል። ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሐጂ ሰይድ ከፊት፣ ሰባት ስምንት ሰው ከኋላ ቆሟል። ፊታቸው የለቅሶ ፊት ነው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ ሐጂ። «የመኖሪያ ወረቀትህን ቀሙህ አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ኖረህ እንዴት በጀልባ ይሸኙሃል? ዱዓ ልናደርግልህ ነው የመጣነው።»

ዘይነባ አስገባቻቸውና አስረዳች። ማንም አላባረረውም፣ በገዛ ፈቃዱ ነው የሚሄደው፣ ለመዝናናት ነው አለች። እስካሁን ሲያዝኑልኝ የነበሩት ሰዎች አሁን እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «አላህ ያሽርህ» አሉኝ። ያችኛዋ ዱዓ ከመጀመሪያዋ ረዘመች።

መውጫቸው ላይ ግን ሐጂ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ለመሆኑ መርከቡ የሚነሳው ከየት ነው?»

«ከቦዶ ነው ሐጂ፣ ወደ ሰሜን። ከዚያ በደሴቶቹ ያልፋል።»

«ቦዶ! የእህቴ ልጅ እኮ ቦዶ ነው! ትንሽ በርበሬ ብሰጥህ ታደርስልኛለህ?»

እንግዲህ ዕቃ አድርስልኝ ተብሎ እምቢ ያለ ሐበሻ ገና አልተወለደም። ይሉኝታ ይገድለናል እንጂ እምቢ አንልም። «ምን ችግር አለው» አልኩ። «ትንሽ» ያሏት በማግስቱ በዳቦ ዱቄት ከረጢት ተሞልታ መጣች። እሷን ተከትሎ ሌላው መጣ። አንዷ ወንድሟ ደሴት ላይ ዓሣ ፋብሪካ ይሠራልና ጤፍ ላከችለት። ሌላዋ ለዚያው ወንድም ሚስት የሐበሻ ቀሚስ ላከች። ሹሮ መጣ፣ ጥቁር አዝሙድ መጣ። የአገሬ ሰው «እናት መርከብ» ሲባል ሰምቶ «እናት ናት፣ ትችለዋለች» ብሎ ነው መሰለኝ ማንም አልሰነፈም።

መጀመሪያ ተጨነቅኩ። ሦስተኛው ከረጢት ሲመጣ ግን ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ዝርዝሩ «አንድ ከረጢት ብቻ» አላለም? እኔ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ብቀርብ ምን ይሉኛል? «አይቻልም፣ ቤትህ ግባ» ነው የሚሉኝ። ታዲያ እኔ ውሃ ፈራሁ? አልፈራሁም፤ የወገን አደራ ነው የያዘኝ። ሐይቄ አይደርቅም፣ ሰሚራም አታፍርብኝም። በደስታ ብዛት ዘይነባን ልስማት ስል «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል የሰሚራ አባት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚሰጠኝን መጠበቅ ትቼ መለመን ጀመርኩ። ግሮንላንድ ሄጄ ሰው እያስቆምኩ «ሰሜን የምትልኩት ዕቃ የላችሁም?» እላለሁ። ሰው ገርሞት ያየኛል፤ ዕቃ የሚለምን መንገደኛ ሰምቶ አያውቅማ። አንዱ ደሴቱ ላይ ያለው የዓሣ ሠራተኛ ሚስቱ ወልዳለች ብሎ የሕፃን ጋሪ አመጣልኝ። ጋሪዋን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሕፃን ጋሪ ጋር ካያክ የሚያስገባ ሰው በዓለም ላይ የለም።

የመገልበጥ ቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሰሚራ ከሥራ በቀጥታ እዚያው ልትመጣ ተስማማን። ጀማል ሊያግዘኝ መጣና በርበሬውን፣ ጤፉንና ሹሮውን ጋሪዋ ላይ ቆልለን፣ በብርድ ልብስ ሸፍነን ሜትሮ ገባን። አንዲት ኖርዌጂያን አሮጊት ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ጋሪዋን አዩ፣ ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ግራና ቀኝ ይዘዋት አዩ፣ ፈገግ አሉ። ቀስ ብለው የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አጎነበሱ። ጀማል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሴትዮዋ ጤፉን ትንሽ አይተው ብርድ ልብሱን መልሰው አለበሱትና እስኪወርዱ ድረስ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ። የዚህ አገር ሰው የሰው ጉዳይ ውስጥ አይገባም የሚሉት እውነት ነው።

መዋኛው ደጃፍ ላይ የጉዞው መሪ ኢንግሪድ ቆማለች። ስድሳ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ ቁመቷ ረጅም ነው፣ እጇ የገበሬ እጅ ነው። ሰሚራም ቀድማ ደርሳ አጠገቧ ቆማለች። ሌሎቹ ተጓዦች አንድ አንድ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። ኢንግሪድ የሁሉንም አየችና እኔ ጋ ደረሰች። ልቤ በደስታ መታ።

«ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?»

«ያ» አልኩ አንገቴን ሰብሬ። «አንድ ከረጢት ብቻ እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። ሕግ ሕግ ነው። አልቀየምም፣ እመለሳለሁ።»

ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ አንዱን ከረጢት አሸተተች፣ አስነጠሳት። የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ የማን የማን እንደሆነ ነገርኳት። የዓሣ ፋብሪካውን ደሴት ስም ስጠራ ፊቷ በራ።

«እዚያ እኮ ሁለተኛው ሌሊት ላይ እናድራለን! ናይ፣ ናይ፣ የምን መመለስ! አንድ ከረጢት የሚለው ለካያኩ ነው። እናት መርከብ ታዲያ ለምን ሆነች? ሁሉንም ትሸከማለች።»

«ጋሪዋንም?»

«ጋሪዋንም!»

ሌሎቹ ተጓዦች አጨበጨቡልኝ። ሰሚራ ክንዴን አቅፋ «አባዬ፣ አንተ እኮ ልዩ ነህ» አለችኝ። ጀማል ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ አለቀልህ» አለኝና ሹልክ ብሎ ሄደ። በሕይወቴ የሰው ቀናነት እንደዚያ ቀን አንገብግቦኝ አያውቅም።

ገባን። ልብስ ቀየርን። ከዚያ ኢንግሪድ ለእያንዳንዳችን አንድ የጎማ ሽርጥ አደለች። እውነቴን ነው፣ ሽርጥ ነው! ወገብ ላይ ይታጠቁታል፣ ካያኩ ውስጥ ሲቀመጡ ደግሞ የታችኛውን ጫፉን በካያኩ አፍ ዙሪያ ይወጥሩታል፤ ውሃ እንዳይገባ ነው። ኖርዌጂያኖቹ ወዲህ ሲጎትቱት ወዲያ እያመለጣቸው ሲታገሉ አየሁ። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ከሽርጥ ሌላ ለብሼ የማላውቅ የወሎ ሰው ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከተዘጋጀሁበት ነገር የማውቀው ተገኘ ማለት ነው። አንዴ ዞር አድርጌ ልክክ አደረግኩት። አጠገቤ የነበረውን ኖርዌጂያንም አስታጠቅኩት። «ጎበዝ!» አለኝ። ደረቴ ተነፋ።

ካያኬ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ጫፉን ወጠርኩት። ከፊት ለፊት አንዲት ቀይ ጠፍር ወደ ውጭ ተንጠልጥላ ቀረች። ሽርጥ በሥርዓት የታጠቀ ሰው ጫፉን አንጠልጥሎ አይሄድም፤ ነውር ነው። ጠፍሯን አጥፌ ወደ ውስጥ ወሸቅኳት። ኢንግሪድ በዚያን ሰዓት ስለ አንድ ቀይ ነገር ስትናገር ይሰማኛል፤ እኔ የሽርጤን መጨማደድ እያስተካከልኩ «ያ፣ ያ» እላለሁ። ነግሬያችኋለሁ፣ እኔን የፈጀችኝ ይቺ ቃል ናት።

ሌሎቹን ወደ ጥልቁ ላከቻቸው። እኔን ወደ ዳር አምጥታ ራሷ ውሃው ውስጥ ገብታ አጠገቤ ቆመች። በዕድሜ አክብራኝ ነው አልኩ። ሰሚራም በሌላው ጎኔ መጥታ ቆመች።

«ዝግጁ ነህ?»

«ያ» አልኩ ለመጨረሻ ጊዜ። ኢንግሪድ ገለበጠችኝ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔን ሳያስቀኝ ነው የወሰደኝ። ዓለም ተገለበጠ። ከላይ የነበረው ከታች ሆነ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ያልተጋበዘ ነገር ገባ። ሸሃዳዬን በልቤ አልኩ። ከዚያ መውጫ ስፈልግ ገባኝ። ያች ቀይ ጠፍር ናት መውጫዋ! እሷን ሲጎትቷት ሽርጡ ይላቀቃል፣ ሰው ይወጣል። እኔ ደግሞ በጨዋ ደንብ ወሽቄያታለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ተረጋግቼ ስለታጠቅኩት ነው መሰል፣ አልፈታ አለ። ያኔ ያየሁት ነገር ዘይነባን አልነበረም፣ ደሴንም አልነበረም። ፍየሏን ነው ያየሁት። በዚያኛው ማዶ ቆማ ጆሮዋን ታራግፋለች።

ወዲያው አራት እጅ ከግራና ከቀኝ ይዞ ቀና አደረገኝ። በኋላ ሲነግሩኝ ከውሃው ሥር የቆየሁት ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ሽርጡን አላቅቀው ሲያቆሙኝ ውሃው ደረቴ ላይ ነበር የሚደርሰው።

«አባዬ! ደህና ነህ?»

ሳልኩ። አስነጠሰኝ። «ክሎሪኑ ነው» አልኩ። «ሐይቅ ክሎሪን አልነበረውም።»

«ያ አባዬ» አለች ከንፈሯን ነክሳ። «ክሎሪኑ ነው።»

ኢንግሪድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ፎጣ አለበሰችኝና ወደ ሌሎቹ ተመለሰች። ሰሚራ ትኩስ ነገር ላምጣልህ ብላ ሄደች። ወንበሩ ላይ ኢንግሪድ ትታው የሄደችው የወረቀት ሰሌዳ ነበር። የሰው ወረቀት የማንበብ አመል የለኝም፤ ግን ከላይ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ሰሚራ ሁለታችንን ስታስመዘግብ የሞላችው ቅጽ ነበር። የሞላችው መጋቢት ላይ ነው፣ ማለት ለኔ እንኳን ከመንገሯ በፊት። «የዋና ችሎታ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በዚያች ክብ ክብ በሆነች የእጅ ጽሑፏ በኖርዌጅኛ እንዲህ ተጽፏል።

«አባቴ ዋና አይችልም። ሁለት ሰው በሚይዘው ካያክ ከኔ ጋር ይሁን። ማወቄን ግን እባካችሁ አትንገሩት።»

ደግሜ አነበብኩት። ኖርዌጅኛው ከብዶኝ አይደለም።

ሰሌዳውን በነበረበት አስቀመጥኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው? እናቷ ነግራት ይሆን? ወይስ በየበጋው እዚህ ኦስሎ ውሃ ዳር ስንሄድ እሷ ስትዋኝ እኔ ጫማ ጠባቂ ሆኜ የቀረሁባቸውን ዓመታት ቆጥራ? ግን አውቃም በየዓመቱ «እስቲ የሐይቁን ንገረኝ» ትል ነበር። ልጄ ሐይቄን ሳታምንበት ስትጠብቅልኝ ኖራለች። ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ ክሎሪኑ አይደለም፣ አለቀስኩ።

ሰሚራ በሁለት የወረቀት ኩባያ ትኩስ ቸኮላት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሐይቅ ግን ከዚህ ይበርድ ነበር?»

መውጫ ቀዳዳ እየከፈተችልኝ ነው። ነፋስ ልጨምርበት እችል ነበር። ከፈለግኩም ሁለተኛ ፍየል እጭንበት ነበር።

«ሰሚራ» አልኳት። «እኔ ሐይቅን አልተሻገርኩም።»

«እንዴ! እውነት?» አለች። ዓይኗን አፍጥጣ፣ አፏን ከፍታ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ። ልጄ ብዙ ነገር ትችላለች፣ መዋሸት ግን ከኔ አልወረሰችም።

«እውነት።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏ ናት የተሻገረችው። እኔ ዳር ቆሜ እጮህ ነበር።»

ቸኮላቷ አፍንጫዋ ውስጥ እስኪገባ ሳቀች። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ፀጉሯ እንደ ልጅነቷ የመዋኛ ውሃ ይሸታል። ትሮንድሄይም አለ፣ በበጋው ማብቂያ ትሄዳለች፣ ያ አልተለወጠም። ግን ያችን ሰዓት ማንም አልሄደም።

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አለችኝ ቀና ብላ። «ባለ ሁለት ሰው ካያክ እንወስዳለን። አንተ ከፊት ተቀመጥና ጩህ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እቀዝፋለሁ።»

በዚህ ተስማማን። መጮህ እንኳ እችልበታለሁ።